ድካም በጣት ሲለካ

«ደከመህ እንዴ?» ብሎ ለሚጠይቅህ ሰው ቶሎ አትመልስለት። መጀመሪያ ዙሪያህን ቃኝ። ጠያቂዋ ሚስትህ ከሆነች ጓሮ ውስጥ ያልተፈለጠ እንጨት አለ ማለት ነው። ጠያቂው አለቃህ ከሆነ በወንበርህ ላይ የሚቀመጥ ሰው ተገኝቷል ማለት ነው። ሐኪም ከሆነ ደግሞ አትልፋ፤ ምንም ብትመልስ መርፌው ተዘጋጅቷል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ይህን ጥያቄ ለማወቅ ብሎ ብቻ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። ካንድ ሰው በስተቀር። እሱም እኔ ነኝ። እኔ ለማወቅ ብዬ፣ ያውም በመንግሥት ደብዳቤ ታዝዤ፣ ሃያ ሁለት ጎልማሶችን በየማለዳው «ደከመህ?» እያልኩ ጠይቄአለሁ። ሃያ አንዱ ዋሹኝ። አንዱ እውነቱን ነገረኝ። እኔም የጠረጠርኩት አንዱን ነው።

«ጠርጥር፣ ከገንፎ መሀል ይገኛል ስንጥር» ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ተረት ሲነገረኝ በቁም ነገር የምወስድ ሰው ነኝ። አሶሳ ተመድቤ ስመጣ፣ ገንፎው ከባምያ ወጥ ጋር በየማዕዱ ሲቀርብልኝ በማንኪያዬ እየገለጥኩ ስንጥር ስፈልግ ባለቤቶቹ በትዕግሥት ያዩኝ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ስንጥር አላገኘሁም። ይሄ ራሱ አጠራጠረኝ።

ነገሩ የሆነው ክልሉ ገና አዲስ ሳለ ነው። አዲስ ስል እንደ አዲስ ጫማ ቁጠሩት፤ ያምራል፣ ይጮኻል፣ ተረከዝም ይልጣል። ማኅተሙ አዲስ ነው፤ ሰሌዳው አዲስ ነው፤ እኛም ከየአቅጣጫው ተሰብስበን የመጣን ሠራተኞች ለአገሩ አዲስ ነን። የመሥሪያ ቤታችን ስም ከመርዘሙ የተነሳ ሰሌዳው አልበቃው ብሎ ጸሐፊው የመጨረሻዋን ቃል በሩ ላይ ጽፏት ነበርና፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ስማችን ይጎድል ነበር። እኔ ከሸዋ ደጋ የመጣሁ የዕቅድና የክትትል ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ሌሎች የሠሩትን መከታተል፣ ያልሠሩትን ደግሞ እንደተሠራ አድርጎ መግለጽ ነበር። ስለ ኳስ የማውቀውን ከጠየቃችሁኝ፣ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ተጫውቻለሁ፤ ያውም ኳሷ ናት መጥታ የነካችኝ።

አንድ ቀን ደብዳቤ መጣ። በክልሎች መካከል የእግር ኳስ ውድድር ስለሚካሄድ የተጫዋቾቹ የጡንቻ ድካም ክትትል ይደረግበት ይላል። ኃላፊዬ «ክትትል» የምትለዋን ቃል ባያት ጊዜ እስክሪብቶውን መዘዘና ከዳር «ለክትትል ክፍል፣ አስፈላጊው ይፈጸም» ብሎ መራልኝ። በዚያች ፊርማ የክልሉ የመጀመሪያው የጡንቻ አዋቂ ሆንኩ።

ደብዳቤውን ተከትሎ አንድ ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣ። አንገቱ ላይ ፊሽካ፣ ወገቡ ላይ ሜትር፣ ፊቱ ላይ ደግሞ የአውሮፕላኑ መንገጫገጭ ያልለቀቀው ሰው ነበር። ሁለት ቀን አስተማረኝ። ትምህርቱ አጭር ነው፦ «ሰው ድካሙን ሊደብቅ ይችላል፤ ጡንቻው ግን መደበቅ አይችልም። የደከመ ጡንቻ ከፍ ብሎ አይዘልም። ስለዚህ በየማለዳው ተጫዋቹን የጣቶቹን ጫፍ ጠመኔ አስነካው፤ ግድግዳ ሥር አቁመህ አዝልለው፤ የነካበትን ለካው። የመጀመሪያው ቀን ምልክት መነሻው ነው። ከመነሻው አራት ጣት የወረደ ደክሟል።» «የደከመውስ ምን ይሆናል?» አልኩ። «የደከመማ አይሄድም» አለኝ። «አውቶቡሱ ላይ ቦታ ያለው ለአሥራ ስምንት ተጫዋች ነው። እናንተ ሃያ ሁለት አላችሁ። ተመልሼ ስመጣ በቅጹ መሠረት እንወስናለን።» ይህን ብሎ ቅጹን ሰጠኝና ሄደ።

ግድግዳው እነሆ። ቡድኑ የሰፈረበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ በቀይ አፈር የተለሰነ የዕቃ ቤት ግድግዳ ነበር። ማንም ዞር ብሎ የማያየው ግድግዳ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከማንኛውም ባለሥልጣን በላይ ጎብኚ አገኘ። ክልሉ አዲስ፣ ቡድኑም የመጀመሪያው ነዋ! ሁሉም ከእኔ ሰፈር ስንት ሰው ገባ የሚልበት ሰሞን ነው። ከየወረዳው ለጉዳይ የመጣ ሰው ሁሉ ከመመለሱ በፊት ጎራ ብሎ የሰፈሩን ልጅ ምልክት አንጋጦ ያያል፤ ከዚያ እኔን ያያል፤ ከዚያ የያዝኩትን ጠመኔ ያያል። አንድ ሽማግሌማ ጠመኔዋን ተቀብለውኝ በጥርሳቸው ቆርጠም አደረጓት። ምን እንዳሰቡ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ግን «ምንም የለባትም» ብለው ሲመልሱልኝ እኔም ቀለል አለኝ።

የመጀመሪያው ማለዳ ሃያ ሁለቱም ተሰለፉ። አስቀድሞ የወጣው በረኛው ሰይድ ነው። ሰይድ በልጅነቱ ከወሎ በሰፈራ የመጣ፣ በእኛ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆኖ የሚሠራ፣ ሲቆም በሩን የሚሞላ ሎጋ ነው። ጠመኔ ነካ፣ ተንፈስ አለ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ዘለለ። ዘለለ ስላችሁ እንግዲህ እመኑኝ እንጂ፣ እግሮቹ መሬት መልቀቃቸውን እኔ በዓይኔ አላየሁም። እጁን ቢዘረጋ የሚደርስበትን ቦታ በትንሹ አልፎ ነካ። «ይኸው ነው ጋሼ፣ የሰው ልጅ አቅም» አለኝ እያለከለከ። እኔም በአክብሮት መዘገብኩ። ከሱ በኋላ የመጡትም እንደዚያው። ይህን ሁሉ ጎልማሳ መሬት እንዲህ አጥብቃ መያዟ ገረመኝ።

ሃያ ሁለተኛው አልፋዲል ነበር። የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው፤ ከከተማው በእግር ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ መንደር የመጣ፣ በቀኝ ክንፍ የሚጫወት፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። አማርኛን በኋላ ስለተማራት «እርስዎ» የምትለዋን አያውቃትም፤ ለኃላፊውም ለኔም «አንተ» ነው፤ በምትኩ «ኡስታዝ» ብሎ ያከብረኛል። «ዝለል?» አለኝ። «ዝለል» አልኩት። ዘለለ። ጣቶቹ ያረፉት ከመስኮቱ መቃን በላይ፣ ክዳኑ ሊጀምር ሁለት ስንዝር ሲቀረው ነው። ለመለካት መሰላል ተፈለገ።

አንድም ሰው አላጨበጨበም። ሰይድ ብቻ ራሱን ነቀነቀ፤ ቀብር ላይ እንደሚነቀነቀው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ደብተሬ ይናገራል። ሃያ አንዱ በየቀኑ ባሉበት ጸኑ፤ አንዳንዴም በሳምንት አንድ ጣት ይጨምራሉ። በየጠዋቱ «ደከመህ?» እላለሁ፤ «አልሐምዱሊላህ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «ኧረ ምን ደከመኝ!» ይሉኛል። አልፋዲል ግን መጀመሪያ ሁለት ጣት ወረደ። ከዚያ አራት። ከዚያ ስድስት። «ደከመህ?» ስለው «አዎ ኡስታዝ፣ ደከመኝ። ትናንት ብዙ ሮጥኩ» ይለኛል። አስቡት፤ ሃያ አንድ ሰው ያልደከመው ልምምድ አንዱን እንዴት ያደክመዋል? ተጠራጠርኩ። ይሄ ሰው ሌላ ቦታ የሚሠራው ሥራ አለ ማለት ነው። በየዓርቡ ከረፋዱ ጀምሮ እየጠፋ የት ነው የሚሄደው?

ዓርብ ተከተልኩት። ከሩቅ ሆኜ፣ ዛፍ ለዛፍ እየተጠጋሁ፣ ባርኔጣዬን ዓይኔ ድረስ ስቤ። መንገድ ላይ ያገኙኝ ሰዎች ሁሉ «ኡስታዝ፣ አልፋዲል ወደ ፊት ነው ያለው፤ እንጥራልህ?» እያሉ ይረዱኝ ነበር። መንደሩ ስደርስ ጭኔ ይንቀጠቀጣል፤ አልፋዲል ደግሞ የቀርከሃ አጥር ሥር በርጩማ አዘጋጅቶልኝ ቆሟል።

የሚያደርገው ነገር ምን መሰላችሁ? ጁምዓ ይሰግዳል፣ እናቱን ይጠይቃል፣ ይተኛል። በቃ። አጎቱ ሼህ ኢብራሂም ግን ከቤት አንድ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አመጡና ጭናቸው ላይ አድርገው በዝግታ ፈቱት። ሬዲዮ ነው።

«ድንጋይ አዲስ ነው» አሉኝ፤ የባትሪ ድንጋዩን ማለታቸው ነው። «መንደር ሁሉ አዋጥቶ ገዛ። ግን አንከፍትም። ዜና አንሰማም፣ ዘፈን አንሰማም፤ ድንጋይ ያልቃል። ሬዲዮው አልፋዲል ብሎ ሲጠራ፣ ያን ቀን ይከፈታል።» መልሰው ጠቀለሉት። «ከዚህ አገር ሰው ስሙ በሬዲዮ ተጠርቶ አያውቅም። አንተ ነህ የምትጽፈው፣ አይደል ኡስታዝ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። የቀረበልኝንም ገንፎ ስንጥር ሳልፈልግበት በላሁ።

ሰኞ ወደ አሰልጣኙ ሄድኩ። ጋሽ ቶለሳ የባምባሲ ሰው ናቸው፤ ወለጋ ተወልደው እዚያው ባምባሲ ስፖርት ሲያስተምሩ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ጴንጤ ናቸውና ሲናደዱ እንኳ የማይሳደቡ። «ጋሼ፣ አልፋዲል ደክሟል» አልኳቸው። «አውቃለሁ» አሉ። «እንዴት አወቁ? ሜትር አለዎት?» አልኩ በጥርጣሬ። «ሜትር ለምኔ ነው? ያልደከመ ተጫዋች የጫማውን ክር ቆሞ ጎንበስ ብሎ ያስራል፤ የደከመ ቁጭ ይላል። አልፋዲል ሰሞኑን ቁጭ ብሎ ነው የሚያስረው። ሁለት ቀን ቢያርፍ እንደ ሚዳቋ ነው።» «ሌሎቹስ?» ጋሽ ቶለሳ ወደ ሜዳው አዩና እንደ መተከዝ አሉ። «ሌሎቹ አልደከሙም፣ እሱ ደክሟል፤ ምክንያቱ አንድ ነው እኮ ወንድሜ። የሚሮጠው እሱ ነዋ!» «ታዲያ ይህን ይጻፉልኝ!» «ጻፍኩ። ባለሙያው የጫማ ክር በቅጹ ላይ ቦታ የለውም አለኝ። ዲሲ፣ ተወው።»

እንግዲህ ባለሙያው ሊመለስ አምስት ቀን ቀርቷል፤ በቅጹ መሠረት ከመላው ቡድን ደከመ የሚባለው አንድ ሰው ብቻ ነው። የሚቀሩት አራት ከሆኑ የመጀመሪያው እሱ ነው። ሬዲዮው ከነጨርቁ ዓይኔ ላይ ይመጣብኝ ጀመር።

በዚህ መሀል ነው ማንጎው የመጣው። ከግድግዳው አጠገብ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። ሥራ ሲጠፋ ነገር የሚያይ ሰው እንደመሆኔ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ በቆምኩበት እጄ የሚደርስባቸው ፍሬዎች ካለቁ ሰንብተዋል። ይሁን። ነገር ግን ከዚያ በላይ ያሉትም እያለቁ ነው። ሜትሬን አመጣሁ፤ መሰላሉን አቆምኩ፤ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ለካሁ። (ሰው እንዳያየኝ ተጠንቅቄአለሁ፤ ኃላፊዬ ብቻ አይቶኛል፤ ለዛፉ ዕቅድ የማወጣ መስሎት «በርታ» ብሎኝ አለፈ።) ከዚያ ደብተሬን ገለጥኩ። በደብተሬ መሠረት እነዚህን ማንጎዎች ሊቆርጥ የሚችል ሰው በክልሉ ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ አልፋዲል። አልፋዲል ደግሞ ማንጎ አይበላም፤ ሆዱን ያመዋል።

በእረፍት ሰዓት ዕቃ ቤት ገብቼ በመስኮቱ አጮልቄ ማየት ጀመርኩ። ብዙም አልጠበቅሁ። ሰይድ እያፏጨ መጣ፤ ግራ ቀኙን አየ፤ እጁን እንኳ ሳያወዛውዝ፣ አንበጣ እንደሚነሳ ብድግ አለና፣ ግድግዳው ላይ ካለው ምልክቱ ሦስት ስንዝር ከፍ ያለች ማንጎ ይዞ ወረደ። ፉጨቱን አላቋረጠም።

«ሰይድ!» አልኩ ከመስኮቱ።

ደነገጠ፤ ማንጎዋን ግን አልጣላትም። «አቤት ጋሼ።»

«ይህችን የቆረጣት እጅ የማን ነው?»

«የኔ ነው ጋሼ።»

«ግድግዳው ላይ ያለውስ?»

«እሱም የኔ ነው። ግን እሱ የመንግሥት ነው።»

«ሰይድ፣ ይህን ተንኮል ከየት ተማርከው?»

ሰይድ በእውነት ገረመው። «ከእርስዎ ነዋ! አላስታወሱም? ዕቅድ ሲያወጡ ሻይ ላመጣ ስገባ ለነዚያ አዲሶች ሲያስተምሩ ነበር። ‹ዕቅዱን ከፍ አድርጎ የሚጀምር ሞኝ ነው። ዝቅ ብለህ ጀምር፤ በየሩብ ዓመቱ አንድ ጣት ጨምር፤ ዓመቱ ሲያልቅ መቶ ሃያ ከመቶ ትሆናለህ› ሲሉ። ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ትምህርት የትም አልሰማሁም። ለልጆቹ ሁሉ ነገርኳቸው።»

ልናደድ አስቤ ነበር። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። በዚያ መሥሪያ ቤት ስናገር የሚያዳምጠኝ ሰው መኖሩን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

«ለአልፋዲልስ ለምን አልነገራችሁትም?»

«አልነገርነውም? ሦስት ጊዜ! ‹ዝቅ በል አንተ ሰውዬ፣ ነገ ይቆጠርብሃል› ብለነው ነበር። ምን አለን መሰለዎት? ‹በኛ መንደር ሰው እስከ ፍሬው ነው የሚዘል› አለን። አብሽሩ ጋሼ፣ እኛማ ለፍተናል።» ማንጎዋን ላጥ አድርጎ ግማሿን በመስኮት ሰጠኝ። ተቀበልኩ። ጉቦ መሆኗን የጠረጠርኩት ከበላኋት በኋላ ነው።

ያን ዕለት ቁጭ ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ብጽፍ፣ ሃያ አንድ ሰው መንግሥትን አታሏል ልል ነው። ማን አስተማራቸው ሲባል የክትትል ባለሙያው ሊባል ነው። ዝም ብል ደግሞ በክልሉ ውስጥ በሙሉ አቅሙ የዘለለ አንድ ሰው ስለ ዘለለ ሊቀር ነው። አንድ መፍትሔ ታየኝ፤ መነሻው ቢጠፋስ? ግድግዳው ላይ ያለው ምልክት ተፍቆ ሁሉም እንደገና ከዜሮ ቢጀምርስ? የመንግሥት ማስረጃ መፋቅ ወንጀል ነው። ነገር ግን የመንግሥት ግቢ ማስዋብ ግዴታ ነው! እንግዳ ሲመጣ ኖራ የማንቀባው ምን አለ? ድንጋዩን እንቀባለን፤ የዛፍ ግንድ እንቀባለን፤ አንድ ጊዜ ከመንገድ ዳር የተኛች ፍየል አብረን ቀብተናል። ወዲያው ደብዳቤ አረቀቅሁ፦ «የባለሙያውን መምጣት ምክንያት በማድረግ የዕቃ ቤቱ ግድግዳ ኖራ እንዲቀባ፣ ኖራውም እስኪደርቅ ልኬታና ልምምድ ለሁለት ቀን እንዲቋረጥ።» ኃላፊዬ «ዕቃ ቤት» የምትለዋን አይቶ ወደ ንብረት ክፍል መራው። ንብረት ክፍል ቀባ። ግድግዳው እንደ ከፈን ነጣ። አልፋዲል ሁለት ቀን ሙሉ ተኛ።

በራሴ ብልሃት ኮርቼ ሳልጨርስ ባለሙያው ደረሰ። ከመኪናው ሲወርድ እጁ ላይ ያለውን ወረቀት አየሁ። በየሳምንቱ፣ በገዛ እጄ፣ በሦስት ቅጂ እየጻፍኩ፣ በአውቶቡስ የላክሁለት ልኬታ ነው! ግድግዳውን አጥፍቼ ወረቀቱን ረሳሁት። የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ ወረቀት መርሳቴን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናንተ ብቻ ነው።

«ሁለት ቀን ማረፋቸው ጥሩ ነው» አለ ባለሙያው። «አሁን የመጨረሻውን እንለካና ከመነሻው ጋር እናስተያያለን። ከመነሻው ያልወረደ ይሄዳል።»

ተሰለፉ። የመጀመሪያው ዘለለ፤ ግድግዳው ላይ ምንም አልታየም። ነጭ ጠመኔ በነጭ ኖራ ላይ ምን ይታያል? ከወጥ ቤት ከሰል መጣ። ጣቶች ሁሉ ጠቆሩ። ያኔ ነው ነገሩን ያየሁት። ተጫዋቾቹ ግድግዳውን የሚያዩት፣ ቤቱ ሄዶ ቤቱን እንዳጣ ሰው ነው። ለካ እነዚያ ሁሉ ሳምንታት የትናንቱን መስመራቸውን ዓይተው፣ እሷን ነክተው ነበር የሚወርዱት! አሁን መስመር የለም። ሰይድ ተጠጋኝና በሹክሹክታ «ጋሼ፣ የኔ የቱ ጋ ነበር?» አለኝ።

እኔም ኮስተር ብዬ «ግድግዳው ነጭ ነው» አልኩት።

ከዚያ የሆነውን መሳቅ ፈርቼ ጥርሴን ነክሼ ነው ያየሁት። አንዱ ዝቅ እንዳይልበት ሰግቶ ዘለለና ከመነሻው ሁለት ስንዝር በላይ ጥፍሩን አሳረፈ፤ ራሱም ደነገጠ። ቀጣዩ የሱን አይቶ ፈራና ከመነሻው አንድ ስንዝር በታች ግድግዳውን ዳሰሰው። ሌላው ሦስት ጊዜ ተንደርድሮ ሦስት ጊዜ ቆመ። ሰይድ ሁሉን ሲያሰላ ቆይቶ፣ ብልህ ነውና፣ ለክፉም ለደጉም ብሎ ክንዱን አጥፎ በትንሹ ዘለለ፤ ስምንት ጣት ወረደ። ባለሙያው ወረቀቱን እያየ ላብ አጠመቀው። «እንዲህ ያለ ድካም አይቼ አላውቅም» ይላል፤ ደግሞ ወዲያው «እንዲህ ያለ ማገገምም አይቼ አላውቅም!»

ውሸታም የት ላይ እንደ ዋሸ ምልክት ያስፈልገዋል። አልፋዲል ምንም አላስፈለገውም። የጫማውን ክር ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ አሰረ። (ጋሽ ቶለሳ ክንዴን ጨበጡኝ።) «ዝለል?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ዘለለ። መሰላሉ መጣ፤ ባለሙያው ራሱ ወጥቶ ለካ፤ ወረቀቱን አየ፤ እንደገና ለካ። ከመጀመሪያው ቀን ምልክት አንድ ጣት እንኳ አልጎደለም።

«ይሄ ሰው» አለ ባለሙያው ከመሰላሉ ላይ ሆኖ በጥርጣሬ፣ «ምንም ለውጥ አላሳየም።»

ጋሽ ቶለሳ ግን አንገታቸውን ቀና አድርገው «ቅጹ የሚለው ከመነሻው ያልወረደ ይሄዳል ነው። እሱ ወረደ?» አሉት። ባለሙያው ቅጹን አነበበ። ቅጹ እንደዚያ ይላል። በቅጹ ላይ «ድካም፦ የለም» ተብሎ ተጻፈ። የወረዱት አራት ሰዎች ቀሩ፤ አንደኛው እስካሁን ኖራውን ያስቀባሁት እሱን ለመጣል ነው እያለ በየሻይ ቤቱ ያወራል። ሰይድም መቅረት ነበረበት፤ ነገር ግን ሌላ በረኛ ስላልነበረን «ከባድ ድካም ስላለበት በጥብቅ ክትትል ይጓዝ» ተባለ። ሰይድ አሶሳን የለቀቀው በአውቶቡሱ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሞ፣ እንዳይነሳ ታዞ፣ ማንጎ እየተላጠለት ነው።

አልፋዲል አውቶቡሱ ከመነሳቱ በፊት ወደኔ መጣ። ጣቶቹ ላይ ያለው ከሰል በደንብ አልለቀቀም። ነገሩን ሁሉ ሰይድ አጫውቶት ኖሯል፤ ማንጎውንም ዕቅዱንም። መዳፉን ገልብጦ እያየ «ኡስታዝ፣ እዚያ ከተማም ግድግዳ አለ?» አለኝ።

«እንጃ። ሊኖር ይችላል።»

«ካለ፣ መጀመሪያ ትንሽ ብቻ ነው የምዘል» አለና ሳቀ። ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ቀልድ ይሁን ቁም ነገር መለየት አልቻልኩም። ተጠራጠርኩ እንጂ።

የጨዋታው ቀን ሁለት ሰዓት በእግሬ ተጉዤ መንደሩ ሄድኩ። ሬዲዮው ከጨርቁ ወጥቶ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ሰዎቹ መሬት ተቀምጠዋል። ሼህ ኢብራሂም «ቢስሚላህ» ብለው ከፈቱት። ጋዜጠኛው ስሞቹን ይጠራ ጀመር። «አልፋዲል» ሲል መንደሩ ከመጮኹ የተነሳ፣ ከሱ በኋላ የተጠሩት እነማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ጨዋታው ተጀመረ። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ፤ የአልፋዲል ስም አልተነሳም። ጋዜጠኛው «የቀኝ ክንፉ ዛሬ አልታየም፤ ተከላካዩም ትቶታል» አለ። ሼህ ኢብራሂም ወደኔ ዞሩ። «ኡስታዝ፣ አንተ አዋቂ ነህ። ልጁ ደከመው እንዴ?»

«ሁለተኛው አጋማሽ ይምጣ» አልኩ። ከውስጤ ግን አንድ ነገር ጨነቀኝ፤ ደከመው ብዬ ብቻ አይደለም፣ ተማረ ብዬም ጭምር።

ሁለተኛው አጋማሽ መጣ። ኳሷ ከግራ ተሻገረች። ጋዜጠኛው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ፦ «ማንም ያልያዘው የቀኝ ክንፉ! ከሁሉም በላይ ዘሎ በግንባሩ! ይህን ዝላይ እስካሁን የት ደብቆት ነበር?»

ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሽማግሌዎቹ ተነሱ። የት ደብቆት እንደ ነበር የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ፤ ከማን እንደ ተማረውም። በክልሉ ውስጥ የመጨረሻው እስከ ፍሬው የሚዘል ሰው ዝቅ ብሎ መጀመርን ለመደ፤ ጎሏም ገባች። ልደሰት ወይስ ልዘን ብዬ ሳመነታ፣ ሼህ ኢብራሂም ሬዲዮውን ዘግተው፣ ድንጋዩን አውጥተው ኪሳቸው ከተቱና የሚንቀጠቀጠውን ጭኔን አዩት።

«ኡስታዝ፣ ደከመህ እንዴ?» አሉኝ።

ዙሪያዬን ቃኘሁ።

«ኧረ ምን ደከመኝ!» አልኳቸው።